የከተማና ክልል ፕላን ሁለተኛ ዲግሪ፦ ለሚያመለክቱና በመማር ላይ ላሉ የተጻፈ ተሞክሮ

የከተማና ክልል ፕላን ሁለተኛ ዲግሪዬን ካጠናቀቅሁ ወዲህ በዚሁ መስክ ለመማር የሚያስቡ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ሥዕልና ንድፍ መቻል ግዴታ መሆን አለመሆኑን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ስለ ትምህርቱ በሰፊው የተያዘውን ግምት ያሳያል፤ አብዛኛው አመልካች ወደዚህ መስክ የሚመጣው የጎዳና፣ የአደባባይና የሕንፃ አቀማመጥ ማርኮት ሲሆን፣ ከተማውን ከዙሪያው ጋር የሚያስተሳስረውን ክልላዊ ግማሽ ግን እንደ ተጨማሪ ኮርስ ይቆጥረዋል። በእኔ ተሞክሮ ትምህርቱ ከሰጠኝ ሁሉ የሚበልጠው የተገኘው በዚሁ ግማሽ ውስጥ ነው። ይህን አስቀድሞ የተረዳ አመልካች የትምህርት ክፍል ሲመርጥም ሆነ የጥናት ርዕስ ሲቀርጽ የተሻለ ውሳኔ ላይ ይደርሳል ብዬ ስለማምን፣ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ።

አንድ ከተማ በማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ውስጥ ተከልሎ አይኖርም። የሚጠጣው ውሃ፣ በየማለዳው ለሥራ የሚገባው ሰው፣ ተጠራርጎ የሚወጣው ቆሻሻና ገበያውን የሚሞላው ምርት ሁሉ ያንን ወሰን እያቋረጡ የሚመላለሱ ናቸው። በክፍል ውስጥ ከተወያየንባቸው ምሳሌዎች መካከል ሁለቱ ይህን በደንብ አስረድተውኛል። ኒው ዮርክ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው እስከ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቁት የካትስኪልና የዴላዌር ተፋሰሶች ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተፋሰሱ ማኅበረሰቦች ጋር በደረሰችው ስምምነት፣ እጅግ ውድ የሆነ የማጣሪያ ጣቢያ ከመገንባት ይልቅ ገንዘቧን የተፋሰሱን መሬት በመጠበቅ፣ የገበሬዎችን አሠራር በማሻሻልና የገጠር ቀበሌዎቹን የፍሳሽ ማስወገጃ በማደስ ላይ ማዋልን መርጣለች። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኮፐንሃገን የጣቶች ፕላን ነው፤ የከተማዋ መስፋፋት የባቡር መስመሮችን ተከትሎ እንደ ተዘረጉ ጣቶች እንዲሄድ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው መሬት ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀር ያደረገ ፕላን ነው። በሁለቱም ምሳሌዎች ዋናው ውሳኔ የተወሰነው ከተማው «ካለቀበት» ሥፍራ ውጭ ባለው መሬት ላይ ነው። ለከተማ ፕላን ፍቅር ያለው ተማሪ ዓይኑን ወደዚያ መሬት ማንሣት እስካልለመደ ድረስ ብዙ ችግሮች መነሻቸው አይታየውም።

ሥዕልና ንድፍ መቻል ግዴታ ነው ወይ ወደሚለው ጥያቄ ስመለስ፣ ትምህርቱ ከልዩ ልዩ መስክ የመጡ ሰዎችን ይቀበላል። በእኛ ክፍል ውስጥ አርክቴክቶች፣ ሲቪል መሐንዲሶች፣ የጂኦግራፊ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የሶሺዮሎጂና የሕግ ምሩቃን ነበሩ፤ እኔ የመጣሁት ከጂኦግራፊ ነው። የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዴስ የሠለጠነው በሥነ ሕይወት ሲሆን፣ «ከፕላን በፊት ጥናት» የሚለውን መርሕና ከተማን ከነሸለቆውና ከነወንዙ የማየትን ልማድ ለሙያው ያተረፈው እርሱ ነው። አርክቴክቶቹ በስቱዲዮ ሥራ፣ ማለትም ቡድን ለእውነተኛ ቦታ ፕላን በሚሠራበት ኮርስ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሁላችንም ፈጥነው ተራመዱ፤ የኢኮኖሚክስ ምሩቃኑ ደግሞ በትንበያና በስታቲስቲክስ ኮርሶች መሪዎቻችን ሆኑ። የሕግ ምሩቋ የመሬት ይዞታ መብትና የካሳ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ የሚያዳምጣት ሰው ነበረች። ስለዚህ ንድፍ አለመቻል የሚያግድ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሐሳብን በቀላል ሥዕላዊ መግለጫ የማስረዳት ችሎታ ሲሆን፣ ይህም በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በልምምድ የሚገኝ ነው።

የትምህርት ክፍል በመምረጥ ረገድ ከዩኒቨርሲቲው ዝና አስቀድሞ መታየት ያለበት ክፍሉ በየትኛው ፋኩልቲ ሥር እንደሚገኝ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የከተማ ፕላን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1909 በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ጀምሮ መስኩ በብዙ ሥፍራ ከአርክቴክቸር ጋር ተጎራብቶ ያደገ ሲሆን፣ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በጂኦግራፊ፣ በሕዝብ ፖሊሲ ወይም በአካባቢ ጥበቃ ሥር ተቀምጧል። በአርክቴክቸር ሥር ያለው ክፍል ስቱዲዮውንና የከተማ ንድፍን ያጠብቃል፤ በጂኦግራፊ ሥር ያለው የቦታ ትንተናንና ክልላዊ ጥናትን፣ በፖሊሲ ሥር ያለው ደግሞ የመንግሥት ፋይናንስን፣ ሕግንና የፕሮግራም ግምገማን ያጎላል። ሁሉም አንድ ዓይነት የዲግሪ ስም ሊሰጡ ስለሚችሉ ልዩነቱ ከስሙ አይታወቅም። እኔ ያደረግሁት፣ የማመለክትባቸው ክፍሎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያስመረቋቸውን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕሶች ከቤተ መጻሕፍቶቻቸው ማውጫ ላይ እያወጣሁ ማንበብ ነበር። የርዕሶቹ ዝርዝር መምህራኑ በእውነት የሚያማክሩትን ነገር ከማስታወቂያው በተሻለ ይናገራል። ርዕሶቹ ሁሉ ስለ አንድ ከተማ መሀል አካባቢ ብቻ ከሆኑ ክልላዊው ትምህርት በወረቀት ላይ የቀረ መሆኑን መገመት ይቻላል። በተጨማሪም እንደ እንግሊዝና አሜሪካ ባሉ አገሮች ፕሮግራሞች በሙያ አካል ታውቀው እውቅና የሚያገኙበት ሥርዓት ስላለ፣ እዚያ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከማመልከቱ በፊት ይህንን ቢያጣራ ኋላ ከሚመጣ ችግር ይድናል። በአንዳንድ አገር ትምህርቱ የአንድ ዓመት፣ በአብዛኛው ግን የሁለት ዓመት ነው። ዕድል ካለ የሁለት ዓመቱን እመርጣለሁ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ስቱዲዮና መመረቂያ ጽሑፍ ሲደራረቡ ከሁለቱ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም።

ከማመልከቻው ሰነዶች ሁሉ ክብደት ያለው የዓላማ መግለጫው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከተሞችን እወዳለሁ የሚል መግቢያ ለአንባቢው መምህር ምንም አይነግረውም። የሚነግረው የታየ ችግር፣ ችግሩ የሚነካቸው ሰዎችና የቦታው ወሰን ነው። እኔ በመግለጫዬ ያነሣሁት በአንድ ከተማ ዳርቻ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ወዲያ፣ ያለ መንገድና ያለ ውሃ መስመር የሚስፋፉ ሰፈሮችን ነበር፤ በእነዚያ ሰፈሮች የሚኖሩት ሰዎች ሠርተው የሚውሉት በከተማው ውስጥ ሲሆን፣ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት ግን ምንም አቅም በሌለው አጎራባች አስተዳደር ላይ ወድቆ ነበር። መፍትሔ አላቀረብሁም፤ በዚህ ደረጃ መፍትሔ ማቅረብ አያስፈልግም። ችግሩን ለማጥናት የትኛው መረጃ እንደሚጎድለኝና ያንን ለማግኘት የትኞቹን ኮርሶች እንደምፈልግ ጻፍሁ። ከዚህ መግለጫ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ተወልዷል ማለት ይቻላል።

ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው የአኃዝ ኮርሶች ብዛት ነው። የሕዝብ ቁጥር ትንበያ፣ የክልል ኢኮኖሚ ትንተና፣ የትራንስፖርት ፍላጎት ስሌትና የጂ.አይ.ኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒዩተር በካርታ የመተንተኛ ሥርዓት) ትምህርት በተከታታይ ይመጣሉ። ስሌቶቹ ለየብቻ ሲታዩ ከባድ አይደሉም። ለምሳሌ በዓመት 3.5 በመቶ የሚያድግ የሕዝብ ቁጥር በ20 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ 70ን ለዕድገት መጠኑ በማካፈል የሚገኝ ቀላል ግምት ነው። አንድ ከተማ ካለው የሥራ ዕድል 20 በመቶው በፋብሪካ ውስጥ ከሆነና የአገሪቱ አማካይ 10 በመቶ ከሆነ፣ የዚያ ዘርፍ የአካባቢ ክምችት መለኪያ 2 ነው እንላለን፤ ይህም ከተማው የዘርፉን ምርት ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌሎችም እንደሚያመርት ይጠቁማል። አስቸጋሪው ነገር ስሌቱን መሥራት ሳይሆን ከስሌቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ የማንን ሕዝብ ነው የምንቆጥረው? ከየትኛው ወሰን ጋር ነው የምናነጻጽረው?

ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ የማነሣው ከጂ.አይ.ኤስ ልምምዶች አንዱ አስተሳሰቤን ስለለወጠው ነው። የተሰጠን ሥራ ነዋሪዎች እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ የሚጓዙትን ርቀት ማስላት ነበር። ውጤቱን በትልልቅ የአስተዳደር ቀጠናዎች አማካይ ስናሳይ ሁሉም ቀጠናዎች ከተቀመጠው መመዘኛ በታች፣ ማለትም ተስማሚ ሆነው በአረንጓዴ ቀለም ታዩ። መምህራችን ያንኑ መረጃ በትንንሽ የቆጠራ ክፍሎች ከፋፍለን እንድናሳየው ጠየቁን፤ በየቀጠናው ጫፍ ላይ፣ በተለይም በከተማው ወሰን ላይ፣ ቀይ ቀለም ዙሪያውን ከበበው። አንድም አኃዝ አልተቀየረም፤ የተቀየረው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ይህንን ችግር እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ የአሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት የሮቢንሰን ጥናት ደግሞ የባሰውን አሳየ፦ በአሜሪካ በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች በብዛት የሚኖሩባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ የበዛባቸው ሆነው ሲታዩ፣ ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ግንኙነቱ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ምክንያቱም ስደተኞቹ የሰፈሩት ትምህርት በተስፋፋባቸው ግዛቶች ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ አማካይ ቁጥር በቀረበልኝ ቁጥር አማካዩ የተወሰደበትን ወሰን እጠይቃለሁ። በዚህ ኮርስ ላይ ያለ ተማሪ ሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን ይህንን ጠይቆ የመረዳት ልማድ ይዞ እንዲወጣ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ሶፍትዌሩ ጥቂት ልበል። ኪው.ጂ.አይ.ኤስ የተባለው የጂ.አይ.ኤስ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን ለሁለተኛ ዲግሪ ሥራ በቂ ነው፤ ክፍሉ የሚያስተምረው በሌላ ፕሮግራም ቢሆንም በግል ኮምፒዩተር ላይ ይህንን ጭኖ መለማመድ ጊዜ ይቆጥባል። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚቸገሩት በካርታ ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማሳያው ስልት ነው። በዲግሪ የተቀመጠ የኬክሮስና የኬንትሮስ መረጃ ላይ ስፋት ማስላት ትርጉም የለሽ ቁጥር ያመጣል፤ መረጃውን አስቀድሞ ምድርን በ60 ዞኖች፣ እያንዳንዳቸውን በ6 ዲግሪ ስፋት ወደሚከፍለው ዩ.ቲ.ኤም ሥርዓት ወይም አገሪቱ ወደምትጠቀምበት ሌላ ሥርዓት መቀየር ያስፈልጋል።

የትምህርቱ እምብርት ግን ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮ ማለት አንድ ቡድን ለአንድ እውነተኛ ቦታ ከነባር ሁኔታ ጥናት አንሥቶ እስከ ፕላን ረቂቅና የአፈጻጸም መርሐ ግብር ድረስ የሚሠራበት ኮርስ ሲሆን፣ ሌሎቹ ኮርሶች ሁሉ የሚፈተኑበት ቦታ ነው። የእኛ ቡድን የተመደበው በወንዝ ዳር ለተመሠረተች ትንሽ ከተማ ነበር። የታችኛው ሰፈር በየክረምቱ በጎርፍ ይጠቃል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጥያቄም የሰፈሩን የፍሳሽ ቦይ እንድናሻሽል ነበር። በመስክ ሥራችን ወቅት ካርታችንን በአንድ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነዋሪዎች ጎርፉ የሚገባባቸውን ቤቶች በእርሳስ እንዲያመለክቱልን ጠየቅን። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት እርሳሱን ተቀብለው ካርታውን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ በወረቀቱ የላይኛው ጠርዝ አልፈው በባዶው ጠረጴዛ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ልጆቼ፣ ውሃው የሚነሣው ከዚህ ነው፤ እናንተ ግን ካርታውን እዚህ ላይ ጨርሳችሁታል» አሉን።

ካርታው ያለቀው የማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ባለበት ነበር። ከወሰኑ ወዲያ ያለው ኮረብታ በአጎራባች አስተዳደር ሥር ሲሆን፣ ዛፉ ተመንጥሮ በፍጥነት ቤቶችና የድንጋይ ንጣፍ ግቢዎች ተሠርተውበት ነበር። የዝናብ ውሃ ከፍተኛ ፍሰት በተለመደው ቀላል ስሌት የሚገኘው የመሬቱን የፍሳሽ መጠን መለኪያ (ከዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ የሚፈሰውን ድርሻ)፣ የዝናቡን ኃይልና የተፋሰሱን ስፋት በማባዛት ነው፤ ለአስፋልትና ለመሰል ሽፋኖች መለኪያው ከ0.7 እስከ 0.95 ሲደርስ፣ ለደንና ለሣር መሬት ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ታች ያለውን ቦይ የቱንም ያህል ብናሰፋው፣ ላይ የሚነጠፈው መሬት እየጨመረ እስከሄደ ድረስ ቦዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መጥበቡ እንደማይቀር በስሌት ማሳየት ቻልን። በቡድናችን ውስጥ የተነሣው ክርክር ብርቱ ነበር፤ ከፊሎቻችን ሥልጣን በሌለን መሬት ላይ ፕላን መሥራት አንችልም ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን ማከም ገንዘብ ማባከን ነው አልን። የስቱዲዮው አማካሪ የሰጡን መፍትሔ እስከ ዛሬ የምሠራበት ነው፦ ሁለት ወሰን አስምሩ አሉን፤ አንዱ የፕላን ወሰን፣ ሌላው የጥናት ወሰን። በፕላን ወሰኑ ውስጥ የምታዘዙበትን ሥራ ታቀርባላችሁ፤ በጥናት ወሰኑ ውስጥ ግን ችግሩ የሚነሣበትን ቦታ ሁሉ ታጠናላችሁ፣ ከዚያም በሁለቱ መካከል ላለው መሬት ማን ከማን ጋር መስማማት እንዳለበት ትጽፋላችሁ።

በዚህ መሠረት የመጨረሻው ሪፖርታችን የቦይ ንድፍ ብቻ ሳይሆን፣ ከኮረብታው ሥር የውሃ ማቆያ ሥፍራዎችን፣ ለአዳዲስ ግቢዎች ያልተነጠፈ መሬት ግዴታንና ሁለቱ አስተዳደሮች ወጪ የሚጋሩበትን የጋራ ኮሚቴ አሠራር ያካተተ ሆነ። ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይህ የመጨረሻው ነበር። ታች ያለው ሰፈር ለሚጠቀምበት ሥራ ከላይ ያለው አስተዳደር ለምን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ በንድፍ አይመለስም፤ የሕግ፣ የበጀትና የድርድር ዕውቀት ይጠይቃል። የንድፍና የፕላን ምሁራኑ ሆርስት ሪትልና ሜልቪን ዌበር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ የፕላን ችግሮች «ትክክል» ወይም «ስሕተት» የሚባል መልስ የሌላቸው፣ የተሻለ ወይም የባሰ መልስ ብቻ ያላቸው መሆናቸውን የገለጹት በዚህ ምክንያት ነው። ጽሑፉን በክፍል ውስጥ ሳነበው ከፍልስፍና የቆጠርሁት ነገር፣ በዚያ የጋራ ኮሚቴ ረቂቅ ላይ ተቀምጠን ስንከራከር የዕለት ሥራችን መግለጫ ሆኖ አገኘሁት።

የነዋሪዎች ተሳትፎ በእያንዳንዱ የኮርስ መርሐ ግብር ውስጥ ይጠቀሳል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ከውሳኔ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው ባለ 8 ደረጃ የተሳትፎ መሰላል ለዚህ ጥሩ መመዘኛ ነው፤ ከታች ነዋሪውን ማታለል፣ ከላይ ደግሞ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት ሥልጣን ተቀምጧል፤ ማሳወቅና ማማከር መሐል ላይ ይገኛሉ። ተማሪ በስቱዲዮው ውስጥ ነዋሪውን በመጨረሻው ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት፣ መጠይቅ ይዞ ሳይሆን ባዶ ካርታ ይዞ ቢያገኘው ብዙ ይጠቀማል። እኔ ያየሁት ይህ ነው፦ በመጠይቅ ላይ «የሰፈርዎ ዋና ችግር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ «ጎርፍ» የሚል አንድ ቃል ያመጣል፤ ካርታ ዘርግቶ እርሳስ መስጠት ግን የችግሩን መነሻ ያመጣል።

ስለ ቡድን ሥራ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ኃላፊነት በጽሑፍ መከፋፈሉ፣ ለፋይሎች አንድ ወጥ የስም አሰጣጥ መያዙና እያንዳንዱ የመረጃ ምንጭ ከነተገኘበት ቀን መመዝገቡ ብዙ ቅራኔ ያስቀራል።

ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ስንመጣ፣ ርዕስ ከመወሰኑ በፊት መረጃው መኖሩን ማረጋገጥ ይቀድማል። እኔ ለማጥናት የፈለግሁት ከከተማው ወሰን ውጭ የሚስፋፉትን ሰፈሮች ስለነበር፣ የገጠመኝ ፈተና የታወቀ ነው፦ የከተማው ስታቲስቲክስ ወሰኑ ላይ ያበቃል፤ የአጎራባቹ አስተዳደር መዝገብ ደግሞ እነዚያን ሰፈሮች እንደ እርሻ መሬት ያያቸዋል። በዚህ ጊዜ የሳተላይት ምስል ትልቅ እገዛ አድርጎልኛል። የላንድሳት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የተሰበሰቡ ሲሆኑ ከ2008 ወዲህ በነፃ ይሰጣሉ፤ የኋለኞቹ በ30 ሜትር ጥራት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያሉት የሴንቲኔል 2 ምስሎች ደግሞ እስከ 10 ሜትር ያሳያሉ። የዓመታት ለውጥ ሲነጻጸር ምስሎቹ ከተመሳሳይ ወቅት መወሰድ አለባቸው፤ የታረሰ ደረቅ መሬት በብርሃን ነጸብራቁ ከተሠራ መሬት ጋር በቀላሉ ይምታታልና በበጋ የተነሣን ምስል ከክረምቱ ጋር ማወዳደር ያልተደረገ መስፋፋት ያሳያል። ምስሉን የተሠራና ያልተሠራ መሬት ብሎ የመለየቱ (የምደባው) ትክክለኛነትም በመስክ በተወሰዱ ነጥቦች መፈተሽ ይኖርበታል፤ ፈታኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው።

ሳተላይት ጣራ ያሳያል እንጂ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያሳይም። ስለዚህ ሁለተኛውን የመረጃ ክፍል ከቤተሰብ መጠይቅና በአውቶቡስ ማቆሚያዎች ላይ ካደረግሁት ቆጠራ አገኘሁ። እዚህ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። የመጀመሪያው፣ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ብዙ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ወዲያውኑ መጠየቅ ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ስለሌላቸው ሰፈሮች የሚሠራ ተማሪ በተለይ የቤቶቹን ትክክለኛ መገኛ የሚያሳይ ካርታ ከማሳተም መጠንቀቅ አለበት፤ ለጥናት የተሰጠ መረጃ ሰውን ከቤቱ ለማስነሣት እንዳይውል መጠበቅ የተመራማሪው ግዴታ ነው። እኔ ውጤቴን በሰፋፊ ሕዋሶች ጠቅልዬ ያሳየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክር፣ ናሙናው የሚወሰድበትን ማዕቀፍ በጽሑፍ ማስረዳት ነው፤ የቤቶች ዝርዝር በሌለበት ሰፈር ከምስሉ ላይ ጣራዎችን ቆጥሮ በዕጣ መምረጥ ይቻላል፣ ፈታኞችም አሠራሩ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ ይቀበሉታል።

አማካሪ ሲመረጥ ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን የሚሰጠው ጊዜ ይመዘን። የእኔ አማካሪ በየሁለት ሳምንቱ ይቀበሉኝ ነበር፤ እኔም ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ የተስማማንበትን ነጥብ በአጭሩ ጽፌ እልክላቸው ነበር። ይህ ልማድ በኋላ የምዕራፎች ቅደም ተከተል ላይ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ድካም አስቀርቶልኛል። በአንጻሩ አብረውኝ ከተማሩት መካከል ስመ ጥር መምህር መርጠው በሴሚስተር አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ያላገኟቸው ነበሩ፤ ጽሑፋቸው የዘገየው በችሎታ ማነስ አልነበረም።

እየሠሩ መማር ይቻላል፤ ነገር ግን የስቱዲዮ ሴሚስተር ከሥራ ጋር አይሄድም። የመስክ ጉዞው፣ የቡድን ስብሰባውና የየሳምንቱ ግምገማ ቀን ሙሉ ይፈልጋሉ። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ማግኘት የሚችል ሰው ያንን ሴሚስተር ቢመርጥ፣ የንድፈ ሐሳብ ኮርሶቹንና የጽሑፉን ጊዜ ከሥራው ጋር ማስኬድ ይችላል።

ከምረቃ በኋላ በሩ ሰፊ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት የፕላን ጽሕፈት ቤቶች፣ የትራንስፖርትና የቤቶች ልማት ተቋማት፣ የተፋሰስ ባለሥልጣናት፣ አማካሪ ድርጅቶችና የምርምር ማዕከላት የዚህን መስክ ምሩቅ ይቀጥራሉ። ክልላዊ ጥናት የሠራ ሰው የሚፈለግባቸው ቦታዎች ከሚታሰበው በላይ ብዙ መሆናቸውን በሥራ ፍለጋዬ ወቅት አይቻለሁ፤ የከተማ ንድፍ የሚችል አመልካች በብዛት ሲገኝ፣ የሁለት አስተዳደሮችን መረጃ አገናኝቶ አንድ ካርታ ማውጣትና ካርታው የማይናገረውን ጉድለት በጽሑፍ ማስረዳት የሚችል ግን ጥቂት ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ያቀረብሁት የስቱዲዮውን የጎርፍ ሥራ ነበር፤ ከጠያቂዎቹ አንዷ ጥያቄዋን ያተኮረችው በሥዕሉ ውበት ላይ ሳይሆን ላይኛው አስተዳደር ባይስማማ ፕላኑ ምን ያህሉ ሊፈጸም ይችላል በሚለው ላይ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ በሪፖርታችን ውስጥ ነበረን፤ ያለ ስምምነት የሚሠሩትንና በስምምነት ብቻ የሚሠሩትን ሥራዎች ለይተን በሁለት ሰንጠረዥ አስቀምጠናቸው ነበር።

ስለዚህ የሥራ ማሳያ ስብስብ የሚያዘጋጅ ተማሪ ብዙ ገጽ ከመደርደር ጥቂት ሥራዎችን መርጦ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥያቄው ምን እንደነበር፣ የጥናት ወሰኑ ለምን እዚያ ላይ እንደተሰመረ፣ መረጃው ከየት እንደመጣና በቡድን ሥራ ውስጥ የራሱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ቢጽፍ ይመረጣል። ይህን ማስታወሻ ሥራው በእጅ እያለ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከምረቃ በኋላ ግን የፋይሎቹ መገኛም፣ ውሳኔዎቹ የተወሰኑበት ምክንያትም በፍጥነት ይረሳል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ የተገኘ መረጃ ካለበትም፣ ከትምህርት ውጭ ለማሳየት ፈቃዱ የሚፈቅድ መሆኑን ተማሪው ገና ከዩኒቨርሲቲው ሳይወጣ፣ ደብዳቤውን የጻፈለት ክፍል ሳለ፣ ቢያጣራ ይሻላል።